ፈረንጁ ምን አለ?

ጳጉሜ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ቦንጋ እየዘነበ ነው፤ ቦንጋ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው። እኛ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ዋልያዎቹ ብላንታየር ላይ በማላዊ 3 ለ 2 ሲሸነፉ አየን። ከአራት ቀን በፊት አዲስ አበባ ላይ በአልጄሪያ 2 ለ 1 ተሸንፈናል። ሁለት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ነገ ደግሞ እንቁጣጣሽ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት አሰልጣኙ ማሪያኖ ባሬቶ በቴሌቪዥን መግለጫ በሰጠ ቁጥር ቤቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳ ነበር፤ «ፈረንጁ ምን አለ?» ሰውየው በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እንግሊዝኛውም የፖርቹጋል ቃና አለው። ከፊት የተቀመጡት የፕሪፓራቶሪ ተማሪዎች ይተረጉማሉ፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላው «ኧረ እንደዛ አላለም!» ይላል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ፣ ማንም ቢሆን ጋሼ የሚለው ሰው፣ ሁለቱንም አዳምጦ ሲያበቃ «በቃ ተዉት፣ እናንተ ካልተስማማችሁ ተጫዋቾቹ እንዴት ይስማማሉ?» አለ። ይቺ አባባል ለወራት ስትዞር ቆየች።

ስለዚያ ክርክር ነው የምጽፈው። ክርክሩ ስለ አንድ ፖርቹጋላዊ ይመስል ነበር፤ ግን ሰውየው ከመምጣቱ ከረጅም ጊዜ በፊት የነበረ ነው።

መጀመሪያ ባሬቶ የመጣበትን ሰዓት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቻችሁ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል ነው ያለፍነው። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጣን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ቢሆንም አገር ሰክሯል። ከዚያ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው መጣና ለብራዚል አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ቀረን። ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ሕልሙን ዘጋችው። በ2006 ጥር በቻን ውድድር ሦስት ጨዋታ ተጫውተን ሦስቱንም ያለምንም ጎል ተሸነፍን፤ ሰውነትም ተሰናበተ።

ባሬቶ የተቀመጠው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ከዚህ በፊት ጋናን ያሰለጠነ ሰው ነው፣ ወረቀቱ ደህና ነው። ግን የተረከበው ቡድን የሕዝብ ቡድን ነበር። አሰላለፉን የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቡድን ላይ አንድ ስም ስትቀንስ ምክንያትህን በሰው ቋንቋ መናገር አለብህ። «ለምን ተወ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በእንግሊዝኛ ከመጣ፣ ትርጉሙ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ያልተመለሰ ነው የሚመስለው።

ቦንጋ ላይ ሁለት ወገን ነበር። አንደኛው የጋሼ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ «አሰልጣኝ አባት ነው፣ አባት በአስተርጓሚ አይቆጣም» የሚለው። ሁለተኛውን ወገን የሚመራው አንድ የፊዚክስ መምህራችን ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኳስ ሰዋስው አይደለም። ሰውየው ሰሌዳ ላይ ክብ አድርጎ ቀስት ከሳለ በቂ ነው» ይል ነበር። ጋሼም «አንተስ ሰሌዳ ላይ ቀስት ስትስል ነው የኖርከው፤ ልጆቹ ገባቸው ወይ?» ብሎ መለሰለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። ነገር ግን ያን ቀን የፊዚክስ ውጤቴ ትዝ አለኝና እኔ ብዙም አልሳቅኩም።

የክርክሩ ቆዳ ቋንቋ ይሁን እንጂ ሥጋው ምርጫ ነው። ባሬቶ በውጭ አገር ያደጉ ልጆችን ማየት ፈለገ፤ በስዊድን ለሄከን የሚጫወተው ተከላካዩ ዋሊድ አታ በእሱ ጊዜ ነው የዋልያውን ማሊያ የለበሰው። ከማጣሪያው በፊት ቡድኑን ለዝግጅት ብራዚል ድረስ ይዞ ሄደ። ይሄ ሁሉ በጥሩ ጊዜ «ዘመናዊነት» ይባላል፤ በመጥፎ ጊዜ ደግሞ «ሽርሽር»። የጊዮርጊስ ደጋፊ የቡና ልጅ ሲጠራ ያኮርፋል፣ የቡና ደጋፊ በተቃራኒው። እኛ ቦንጋዎች ስማችን ከቡና ጋር ስለተያያዘ ሁላችንም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የምንመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሻችን ጊዮርጊስ ነን።

የሚገርመው ግን ይሄ ክርክር ከባሬቶ መምጣት በብዙ ዓመታት ይቀድማል።

ኢትዮጵያ፣ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1949 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1957) ስትመሠርት፣ በመላው አህጉር «ማን ያሰልጥነን?» የሚለው ጥያቄ ትኩስ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሳ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ የራሳችን ሰው። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን ማለትም ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፤ ጎል ካገቡት መካከል እነዚህ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ድል «ያገር ሰው ይበቃናል» ለሚለው ወገን እንደ ማስረጃ ያነሳዋል። እኔ ግን ያንን ቡድን ሳስብ መልበሻ ክፍሉ ይታየኛል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፣ አባቱ ጣልያናዊ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጣልያንኛ በአንድ ክፍል ውስጥ። በታሪካችን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያመጣው ቡድን በአንድ ቋንቋ አፉን የፈታ ቡድን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ መጡ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ሲካሄድ ቡድኑ በሃንጋሪያዊው ፈረንጽ ሱች እጅ ነበር። በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፎ አራተኛ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ፒተር ሽኒትገር። እንደገና በራሳችን ሜዳ፤ ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፈን፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጥተን ከምድቡ ቀረን። አብዮት ላይ ያለች አገር፣ ጀርመናዊ አሰልጣኝ። ያ ሰው ከካሜራ ፊት ምን እንዳለ ዛሬ ማንም አያነሳም፤ ውጤቱን ግን ሁሉም ያነሳል። ለሊቢያው የ1974 ዓ.ም. ውድድር ያለፍነው መንግሥቱ ወርቁ አሰልጣኝ ሆኖ ነው፤ ከዚያ 31 ዓመት ጨለማ።

በእኛ ትውልድ የሚታወሱት ሁለቱ ፈረንጆች ኢፊ ኦኑዎራና ቶም ሴንትፊት ናቸው። ኦኑዎራ ግላስጎው የተወለደ፣ ቤተሰቡ ናይጄሪያዊ የሆነ ሰው ነው፤ ስለዚህ «ፈረንጅ» የሚለው ቃል ራሱ እሱ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል። የቦንጋ ሰው መፍትሔ አላጣም፤ «ጥቁሩ ፈረንጅ» አለው። በ2002 መጨረሻ መጥቶ በ2003 አጋማሽ፣ ናይጄሪያ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ካሸነፈችን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ቤልጂየማዊው ሴንትፊት ተተካና ግንቦት 28 ቀን 2003 ያችኑ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 አስቆማት። ሳላዲን ሰኢድ ሁለቱንም አገባ። በዚያ ምሽት ቦንጋ ላይ «የሰውየው እንግሊዝኛ አይገባም» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሴንትፊትም ያው፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኳስ ትንሽ ይርቃል። ካፋ የውጭ ሰውን ተቀብሎ በመሸኘት ከፌዴሬሽኑ በፊት ልምድ አለው። ጣልያናዊው ሚስዮናዊ ማሳያ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ካፋ መንግሥት ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የተባረረው። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር ደግሞ በፈረንጆቹ 1905 መጥቶ፣ ሰው ጠይቆ፣ አዳምጦ፣ ስለ ካፋ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። አንዱ ሊያስተምር ነው የመጣው፣ ሌላው ሊያዳምጥ። ይህን ለፊዚክስ መምህሩ ብነግረው «እና ባሬቶ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ይመስለኝ ነበር፣ እንደ ጨዋታው ውጤት።

አሁን ወደ ጋሼ ክርክር ልመለስ፤ ይሄ «በአገር ሰው አፍ ቢሆን ኖሮ» የሚለው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ በመግባባት ጉድለት የከፈለው ትልቁ ዋጋ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ፈረንጅ በቦታው አልነበረም እላችኋለሁ።

ሰኔ 1 ቀን 2005፣ ቦትስዋና። ዋልያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 2 ለ 1 አሸነፉ። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ተሰልፏል። ችግሩ ምንያህል በቀደሙ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ ያን ጨዋታ መቀጣት ነበረበት። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ከተማው በእሳት ሲጫወት፣ በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። የቦትስዋናው ድል ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተቀየረ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ። እንደ እድል ሆኖ ጳጉሜ ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን መራን እንጂ፣ ታሪኩ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር።

እስቲ አስቡት። አሰልጣኙ አማርኛ ይናገራል። የቡድን መሪው አማርኛ ይናገራል። ጽሕፈት ቤቱም፣ ተጫዋቹም እንዲሁ። ሁለት ቢጫ ካርድ ቆጥሮ «ይሄ ልጅ አይሰለፍም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የሚናገር ሰው ጠፋ። የመምህራችን ወገን ይህን ሲያነሳ የጋሼ ወገን ጸጥ ይል ነበር። ጋሼ ራሱ ግን አይሸነፍም፤ «እሱ ቸልተኝነት ነው፣ ቋንቋ አይደለም» ይላል። ልክ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቋንቋ ብለን የምንከስሰው ሌላ ነገር ነው።

ግን ለጋሼም ላዳላ፤ ቋንቋ ምንም አይደለም የሚለውም ውሸት ነው። ይህን የማውቀው ከራሳችን ሜዳ ነው።

እኛ ጋ ልጅ እቤት ካፊ ኖኖ ይናገራል፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ከፍ ሲል ደግሞ እንግሊዝኛ። የኳስ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ «አቀብል»፣ «ያዘው»፣ «ተመለስ»። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ረጅም፣ ጎበዝ ተከላካይ ነበረን፤ አማርኛው ገና አልጠና። አሰልጣኛችን ከመስመር ውጭ ሆኖ «ውጣ! ውጣ!» እያለ ይጮኻል፤ ተከላካዩ መስመሩን ይዞ ወደፊት እንዲወጣ። ልጁ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው፣ ግራ ገባው፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እየተራመደ ከሜዳው ወጣ። ተቀየርኩ ብሎ ነው። እሱ በተወው ቦታ ገብተው አገቡብን። ሁሉም ሳቀ። ልጁ በሚቀጥለው ልምምድ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ፈረንጁ አማርኛ አይችልም፣ ስለዚህ ልጆቻችን አይገባቸውም» ሲባል ስሰማ፣ «ልጆቻችን» የተባሉት እነማን ናቸው ብዬ አስባለሁ። ለዚያ ተከላካይ ያገሩ ሰው አማርኛም የውጭ ቋንቋ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥም ከጋምቤላ፣ ከሲዳማ፣ ከኦሮሚያ የመጡ ልጆች አሉ፤ አስተርጓሚ ሳይመደብላቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲተረጉሙ የኖሩ። ምናልባት ባሬቶን ለመረዳት ከሁሉም የቀለላቸው እነሱ ይሆናሉ፤ ሰው የእጁን ምልክትና ዓይኑን አይቶ መረዳት የለመደ ሰው እንግሊዝኛ ብዙም አያስደነግጠውም።

ምርጫውም ያው ነው። የባሬቶ ዓይን ስዊድን ደርሷል። ስዊድን ድረስ ያየ ዓይን ቦንጋ አልደረሰም ብለን እናማርር ነበር። እሺ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው አሰልጣኝስ ደርሷል? ከአዲስ አበባ ጅማን አቋርጦ ቦንጋ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካፋ ቡና በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ለማየት ያንን መንገድ የሚመጣ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ጠብቀን አናውቅም፤ ፈረንጅም ሐበሻም። ጎረቤታችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች እንደመጣ በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ያ ሁሉ የደቡብ ምዕራብ ሰው እንደራሱ ድል የጨፈረው ለዚህ ይመስለኛል። ዋንጫ ካነሳህ መንገዱ አይረዝምም፣ ይመጡልሃል።

ከባሬቶ ዘመን አንድ ሳምንት ግን አሁንም ይከነክነኛል። ጥቅምት 1 ቀን 2007 ማሊ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። ጋሼ «ይሄን ሰው አሁኑኑ አውሮፕላን ላይ» አለ። ቡድኑ ግን አብሮት ወደ ባማኮ በረረ፤ ጥቅምት 5 ቀን ማሊን በሜዳዋ፣ በሕዝቧ ፊት፣ 3 ለ 2 አሸነፈ። አራት ቀን! በአራት ቀን ውስጥ ማንም አማርኛ አይማርም፤ ማንም ፖርቹጋልኛ አይማርም። ያው ሰው፣ ያው አስተርጓሚ፣ ብዙዎቹ ያው ልጆች። በዚያ መልበሻ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ተብሏል፣ የሆነ ሰውም ገብቶታል። ቤቱ ሲጨፍር ጋሼን አየሁት፤ ቆሞ እያጨበጨበ «ዛሬስ በአማርኛ ነው የነገራቸው» አለ።

አልቀጠለም። ኅዳር 6 አልጄሪያ 3 ለ 1 አሸነፈችን፣ ኅዳር 10 ከማላዊ ጋር አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0 ወጣን። ከስድስት ጨዋታ 4 ነጥብ፣ የምድቡ መጨረሻ። ባሬቶ በተሾመ በዓመቱ ገደማ ተሰናበተና ዮሐንስ ሳህሌ ተተካ። አማርኛ ተናጋሪ። ሁሉም እፎይ አለ። መጋቢት 16 ቀን 2008 አልጄሪያ 7 ለ 1 አሸነፈችን። ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከዚያችው አልጄሪያ ጋር 3 ለ 3 ወጣን። እንደገና አራት ቀን። ከዚህ ቁጥር ትርጉም ማውጣት የሚፈልግ ያውጣ፤ እኔ ደክሞኛል። ባሬቶ ከሄደ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተፈራረቁት ያገር ሰዎች ናቸው። ውበቱ አባተ ቡድኑን ካሜሩን ወዳዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደው፤ በ2014 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውም በእሱ ጊዜ ነው። የሚገርመው «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ለውድድር የሚሆን ስታዲየም አልነበረንማ።

በ2010 ዓ.ም. ዕረፍት ላይ ቦንጋ ስመለስ ፀጉሬን ልስተካከል ገባሁ። ፌዴሬሽኑ አብርሃም መብራቱን የሾመበት ሰሞን ነው። ጋሼ ደስ ብሎታል፤ «በመጨረሻ የሚገባን ሰው» እያለ መቀሱን ያንቀጫቅጫል። አብርሃም ከየት እንደመጣ ነገርኩት። የመንን ሲያሰለጥን ነበር፤ አገሪቱ ጦርነት ላይ ናት፣ የሜዳዋን ጨዋታ ዶሃ ላይ ነው የምትጫወተው፤ እሱ ግን ቡድኑን ከተዋሐደች የመን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አሳልፎ ነው የመጣው።

ጋሼ መቀሱን አቆመ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«እና እዚያ እሱ ነዋ ፈረንጁ?»

«አዎ ጋሼ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ አንገቴን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። «አንተ፣ እስቲ የመኖች ምን ይሉት እንደነበር ፈልግልኝ» አለ።